አልደውልም ያለው ደዋይ

አንሰልም ቪቴና ታናሽ ወንድሙ ብሌዝ በፈረንሳይ አገር በቡርጎኝ ባለችው መንደራችን የቤተ ክርስቲያን ደዋዮች ነበሩ። ሰማዩ ሲጠቁር ማማው ላይ ወጥተው ይደውላሉ። የተባረከ ደወል በረዶን ከወይናችን፣ መብረቅን ከጣሪያችን ያርቃል ብለን እናምን ነበር። ለዚህም በአጨዳ ጊዜ እያንዳንዱ ቤት አንድ ነዶ ስንዴ ይሰጣቸዋል።

አንድ የሰኔ ቀን መብረቁ ማማውን መትቶ በእርጥቡ ገመድ ወረደ። ብሌዝ ገመዱን እንደያዘ ሞተ። አጠገቡ የነበረው አንሰልም ተረፈ፤ ግራ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማም።

በቀብሩ ላይ ካህናችን አባ ሮሼ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አሉ። አንሰልም ከዚያ በኋላ መደወሉን ሳያቋርጥ፣ በረዶ በጣለ ቁጥር የማማው ግድግዳ ላይ በከሰል ያሰምር ጀመር። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ደወሉ ተሰንጥቆ ዝም ካለ ቆይቷል። የእነሱንም በገበያ ቀን እየጠየቀ ከጎኑ ያሰምራል። በአምስተኛው ዓመት አባ ሮሼን ወስዶ አሳያቸው።

«እኛ እየደወልን ሰባት ጊዜ በረዶ መታን፤ እነሱ ሳይደውሉ ስድስት ጊዜ። አባ፣ ልዩነቱ የወንድሜ መቃብር ብቻ ነው።»

አባ ሮሼ መስመሮቹን ቆጠሩ። «እምነትህን ጣልክ ማለት ነው፣ ልጄ?»

«አልጣልኩም። እግዚአብሔር ወይናችንን ለመጠበቅ ሰው ገመድ ላይ ይሙት የሚል አይመስለኝም። ከእንግዲህ ሰማዩ ሲጠቁር አልደውልም።»

እሳቸውም አልከለከሉትም፤ አልመረቁትምም።

በሐምሌ ወጀብ ሲመጣ አንሰልም ማማውን ቆልፎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሰው ተሰበሰበ። ማርጎት የምትባል ባለወይን መበለት ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ወኔህ ከወንድምህ ጋር ነው የተቀበረው! የወይን ተክሌ ሲያልቅ ልጆቼን ድንጋይ ላብላቸው?»

አንሰልም ቁልፉን ዘረጋላት። «ይኸውልሽ። ግን ማንን ነው የምትልኪው?»

ማርጎት ወደ ልጆቿ ዞር አለች። ቁልፉን አልወሰደችም፤ ሌላም ሰው አልወሰደም። በረዶው መጣ፤ የወይናችንን ግማሽ አረገፈው። አባ ሮሼ ዝናቡ ውስጥ መጥተው አንሰልም አጠገብ ተቀመጡ።

በዚያ ዓመት ለአንሰልም ነዶ የሰጠው የለም። በርሜል መሥራት ተምሮ የብሌዝን ሚስትና ልጆች በዚያው አሳደገ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በወጀብ ጊዜ ደወል እንዳይደወል ከከተማ ዳኞች ትእዛዝ መጣ። ያኔ አብዛኞቻችን የአንሰልምን ሐሳብ ተቀብለን ነበር፤ ማርጎት ግን ቢደወል ኖሮ የወይን ተክሌ ይተርፍ ነበር እንዳለች ሞተች።

አንሰልም ከቅዳሴ ቀርቶ አያውቅም። ከቅዳሴ በኋላ ከአባ ሮሼ ጋር የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ አባም በደህናው ጆሮው በኩል መቀመጥን ለምደው ነበር።