በኅዳር የሚያፈስ ጣራ

መካነ ሰላም ላይ ለእናቴ ቤት ሳሠራ የታየኝ ጠላት አንድ ብቻ ነበር፤ ብርድ። ከዐረብ አገር ከተመለስኩ ወዲህ ብርድ አልችልም። በግድግዳውና በቆርቆሮው መሀል የቀረውን ክፍተት ሁሉ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ጭድ ባለው ጭቃ አስደፈንኩት። አናጢው እንኳ «አሁን ወፍም አይገባ» ብሎ አሞገሰኝ። ኮርኒሱም ተመታ።

እናቴን ከወግዲ ገጠር፣ ከሣር ጎጆዋ ያመጣኋት በስንት ልመና ነው። «እስቲ ልሞክረው» ብላ፣ የዕቃዋን ግማሽ እዚያው ትታ መጣች። ያቺ «ልሞክረው» አንጀቴን ታቃጥለኝ ነበር። በሰው ቤት ስሠራ ያን ሁሉ ዓመት ያሰብኩት እሷን እዚህ ማስቀመጥ ነበርና።

ቤቱ የተመረቀው በኅዳር፣ በማለዳ ነው። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ ከኮርኒሱ አንዲት ጠብታ በተዘረጋው መዳፋቸው ላይ ጠብ አለች። ውጭ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሼሁ ቀና ብለው አዩና «በረካ ነው፤ ያለ ደመና የመጣ ዝናብ» አሉ። ሁሉም «አሚን» አለ። እናቴ እንባ አቀረረች፤ እኔ አናጢውን በልቤ ረገምኩት።

ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ጠብታዋ በየማለዳው ትመጣለች፣ እናቴ ግን አናጢ አላስጠጋ አለች። «የተመረቀ ነገር አይደፈንም» ብላ ከሥሯ ጣሳ አስቀመጠችላት። ሳምንታት ሲያልፉ ጠብታው በዛ፤ ኮርኒሱ የሻይ መልክ ያለው እድፍ አወጣ፤ ፍራሿ ረጥቦ ሻገተ፤ እሷም መሳል ጀመረች። አንድ ቀን ልብሷን ስታጣጥፍ አገኘኋት።

«ቤትሽ ደግ ነው ልጄ፤ ግን አየሩ ከበደኝ። ጎጆዬ ትሻለኛለች» አለች።

እስከ ቅዳሜ ገበያ ብቻ እንድትታገሠኝ ለመንኳት። እሺ አለች፤ አናጢውንም ፈቀደችልኝ። መጥቶ ሚስማሩን ሁሉ ሬንጅ ቀባው። በማግስቱም ያው ጠብ ጠብ ነው። ይሄኔ ንዴት መሰላል አስወጣኝ። ፀሐይ ሳትሞቅ የኮርኒሱን መክፈቻ ገፋ አድርጌ አንገቴን ባስገባ፣ ቆርቆሮው በውስጥ በኩል እንደ ድስት ክዳን ላብ አውጥቶ ይንጠባጠባል። ቀዳዳ የሚባል የለም። ውሃው የራሳችን ነው፤ ትንፋሻችንና የምናፈላው ሻይ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣና መውጫ ሲያጣ ውርጭ ያቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል። መውጫውን ማን እንደደፈነው ሳስበው ሳቄ መጣ።

ቀጥሎ ክርክሩ በምን እናስተንፍሰው ሆነ። አናጢው ደሴ መጋዘን ጣራ ላይ ያየውን፣ ነፋስ የሚያሽከረክረውን ክብ የአየር ማስወጫ እንትከል አለ። እኔም ዐረብ አገር በየጋራዡ ላይ ሲዞር አይቼዋለሁ፤ ያምራል። ግን አዲስ ቆርቆሮ ተበስቶ የሐምሌን ዝናብ ማን ያምነዋል? የእኛ አገር ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ሲንቋቋ ያድራል፤ እናቴ አትተኛም። በመጨረሻ ከጣራው ግርጌ ጭቃውን በየቦታው አስነስተን፣ በሁለቱም የቤቱ ጫፎች፣ ከጣራው አናት ሥር፣ የመስኮት ያህል ከፈትን። አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ ነው። ለዝናቡ ወደ ውጭ ያዘነበለ ጣውላ፣ ለወፉ ወንፊት ሽቦ ተመታበት።

«ብርዱስ?» አልኩት አናጢውን።

«ብርዱ ከኮርኒሱ በላይ ይመላለሳል፤ እናንተ ከኮርኒሱ በታች ናችሁ» አለኝ።

እናቴ ከታች ሆና «በረካውን ልታስወጡት ነው?» ትላለች።

«አይ እማዬ፤ ፍራሽሽ ላይ እንዳይተኛ ነው» አልኳት። ሳቀች።

ጠብታው ቆመ። ቅዳሜ የወግዲ መኪና ሄደ፤ እናቴ አልተሳፈረችም፤ እኔም ነገሩን አላነሳሁባት። ሳሏም ቀስ በቀስ ለቀቃት። ያም ሆኖ የቀረው ዕቃዋ እዚያው ጎጆዋ ነበርና ልቤ አላረፈም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ ከገጠር መጣ። ምሳ ስንበላ ለጭዱ ማስቀመጫ እንደቸገረው ያወራል።

«የእኔ ጎጆ ባዶዋን ቆማ የለም እንዴ? ዕቃዬን አምጣልኝና እሷ ውስጥ አግባው» አለችው እናቴ፣ ቀና ሳትል።

«ስትመለሺስ?» አላት።

«ወዴት ነው የምመለሰው? ቤቴ ነኝ» አለችና ወጥ ጨመረችለት።