የገሪማ ቆጮ

ዲላ አጠገብ ካለችው ከጪጩ በላይ ባሉት መንደሮች ሁሉ እንሰት በመትከል ገሪማን የሚያህል አልነበረም። ቆጮ እንዲሆን መፋቁ ግን የሴት ሥራ ነው። በዚያ አገር እንሰት ሲፍቅ የታየ ወንድ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል።

ሚስቱ ሙሉካ እያለች ነገሩ አሳስቦት አያውቅም። እሷ ስትሞት ሥራው ለአንድ ልጃቸው ለኤልቤቴል ተላለፈ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ኤልቤቴል ዲላ ወርዳ በወይዘሮ ሀዲጃ ሱቅ ሻጭ ሆነች። ማን ይፈርድባታል? የአያቷ መሬት ለገሪማና ለወንድሞቹ ተሸንሽኖ የደረሳቸው ከጓሮ አያልፍም። የጎረቤት ሴቶችም ቢሆኑ ግማሾቹ ከተማ ገብተዋል፤ የቀሩት ለራሳቸውም አልበቁ።

በሁለተኛው ዓመት ትልቁ እንሰት አበባ አወጣ። አበባ ያወጣ እንሰት ቶሎ ካልተፋቀ ቆሞ ይበሰብሳል። ይሄኛውን ደግሞ ገሪማ የተከለው ሙሉካ በሞተችበት ዓመት ነበር፤ ልጇ ሳትቀምሰው እንዲበሰብስ አልፈለገም። በጎረቤት ሞባይል ደወለ።

«ለመስቀል እመጣለሁ፣ አባዬ» አለችው።

መስቀል አለፈ።

«የቡና ወቅት ነው እኮ፣ ሱቁ መቆሚያ የለውም። በቃ ለገና!»

ገናም አለፈ።

አንድ እሑድ ጠዋት ሰፈሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ገሪማ አመመኝ ብሎ ቀረ። የሙሉካን ጣውላና የቀርከሃ መፋቂያ ከቆጥ አውርዶ ከጓሮው ጥግ፣ ማንም ከማያየው ቦታ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትፍቅ አይቷት ነበር፤ ግንዱን ከጣውላው ላይ ለመያዝ እግሯን የት ታደርግ እንደነበር ግን ጠፋበት። መፋቂያው አምልጦት መዳፉን ሰነጠቀው። እያለቀሰ ፋቀ። የፋቀውን በኮባ ጠቅልሎ እንዲብላላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው።

ከሁለት ወር በኋላ የተብላላውን ቆጮ ተሸክሞ ዲላ ወረደ። ኤልቤቴል አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጥቅሉን ፈትታ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፤ ቃጫው ሳይለይ እንዳለ ነው።

«አባዬ፣ ማን ናት የፋቀችው?»

«አንዲት... ጎረቤት።»

«ውይ! ሁለተኛ እንዳትጠራት። ይሄ እኮ አይበላም። ቆጮ እንደሆነ እዚህም ገበያው ሞልቷል፣ አትልፋ» ብላ ሳቀች።

ገሪማም አብሯት ሳቀ። ልቡ ተሰብሮ ነበር፤ ጠባሳ ያለበትን እጁን ከኮቱ ኪስ አላወጣም።

በዓመቱ ሁለት እንሰት አበባ አወጣ። ገሪማ አልደወለም፤ መፋቂያውንም ከቆጥ አላወረደም።