ቀርቁሽ ዳቦ ነው ወይ?

አናጢው ኡስታ ሸሃታ በዲምያጥ ከተማ ወንበር እየሠራ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። እጁ የተባ ነው፤ አፉ ግን ልጓም የለውም። ወንበር ሊገዛ የመጣውን ሰው አስቀምጦ «መደገፊያ የሌለው በርጩማ ነው፣ አይደል? እሺ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ግድግዳ ብደገፍስ? ግድግዳው የወንበሬ ነው ወይስ የቤቱ?» ይለዋል። ሰዉ ይስቃል፣ ሻይ ያዛል፣ የመጣበትን ጉዳይ ይረሳል። የማትስቀው ሚስቱ ኢንሻራሕ ብቻ ነበረች። ለምን ትስቃለች? የሱ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ከቤቷ አስወጥቷታል።

የዚያ አገር ወንድ ነገሩን ማጠንከር ሲፈልግ በፍቺ ይምላል። «ፍቺ ይሁንብኝ!» ብሎ ያለው ሳይሆን ከቀረ ሚስቱ ፈት ናት። ሸሃታ አንዴ በንዴት፣ አንዴ ደግሞ «ግድግዳ ላይ የተመታ ሳንቃ መደርደሪያ ነው ቁምሳጥን?» በሚል የጅል ክርክር ምሎ ተረትቷል። ሁለቱንም ጊዜ ሼክ መትወሊ ወደ ቤቷ መለሷት። ሦስተኛው ግን መመለሻ የለውም፤ ሌላ ባል አግብታ ካልተፈታች በቀር እርም ትሆንበታለች። ይህን አሳምሮ እያወቀ ነው እንግዲህ ያን እሑድ አፉን የከፈተው።

ነገሩ የተነሣው በምሳ ነው። ጎረቤቱ ቀለም ቀቢው በርዒ ዓሣና ሩዝ በልቶ ጣቱን እየላሰ «ዳቦ የሌለው ምሳ ምሳ አይባልም» አለ።

«ታዲያ ምን ይባላል?» አለ ሸሃታ።

«መቀማመስ ነዋ! ደግሞ አንተ ምን አገባህ? ዳቦ ሳትበላ አንድ ቀን አትውል!»

«ፍቺ ይሁንብኝ፣ እስከ ዓርብ ዳቦ በአፌ አይገባም! የምበላውንም ምሳ ብለህ ትጠራዋለህ!»

ቃሉ አንዴ ወጥቷል። ለኢንሻራሕ ለመንገር ፈራ፤ ሳይነግራት ቀረ።

ሰኞና ማክሰኞ በሩዝ አለፉ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኢንሻራሕ እንደ ልማዷ ሻይና ቀርቁሽ በትሪ ይዛ ወደ ሱቁ መጣች። ቀርቁሽ የምትለው የተረፈውን ዳቦ በስሱ ቆርጣ እንደገና ምድጃ ውስጥ የምታደርቀውን ነው። ሸሃታ የወንበር እግር እየላገ፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ አንዱን አንሥቶ ሻይ ውስጥ ነከረና ዋጠው።

«ሸሃታ!» ብሎ ጮኸ በርዒ ከማዶ። «ምን በላህ አንተ ሰው?»

ሰው ተሰበሰበ።

«ቀርቁሽ እኮ ነው፤ ምን አለበት?» አለ አንዱ።

«ቀርቁሽ ከምን ይሠራል? ከእንጨት?»

«ዘቢብስ ከወይን አይደል የሚሠራው? ዘቢብ ወይን ነው?»

«ዘቢብ ሻይ ውስጥ ገብቶ ወይን አይሆንም፤ ይሄ ግን ርሶ ዳቦ ሆኗላ!»

ሳቁ መንገዱን ሞላው። ክርክሩን ያስተማራቸው እሱ ነው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እሱ ሳይስቅ ሲቀር ግን ዛሬ የመጀመሪያው ነው። የወንበሩን እግር አስቀመጠ። ኢንሻራሕ ትሪውን እንደያዘች ፊቷ አመድ መስሎ «የምን መሐላ ነው?» አለች። በርዒ ነገራት።

በዚያው ቀን ሼክ መትወሊ ባልና ሚስቱን ፊታቸው አስቀመጡ።

«ስትምል ምን አስበህ ነበር?»

«ምንም፣ ሼክ። እየቀለድኩ ነበር።»

«በፍቺ አይቀለድም ብዬህ አልነበረም?»

«ብለውኛል። ግን እኮ ሼክ፣ አንዴ የተጋገረ ዳቦ ነው እንበል፤ ሁለቴ የተጋገረ ደግሞ...»

«ዝም በል!» አሉት። «ብልሃትህን ለደንበኞችህ። መሐላ የሚተረጎመው ሰዎቹ በሚናገሩበት አፍ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ‹ዳቦ አምጪ› ሲባል ቀርቁሽ ይመጣል ወይ?» ወደ ኢንሻራሕ ዞሩ። «የምታቀርቢው አንቺ ነሽ። አንቺ ንገሪኝ፣ ልጄ።»

ሸሃታ ሚስቱን አየ። ያለፈው ክረምት ዝናቡ ሳያቋርጥ የወረደበት ሳምንት ትዝ አለው። ዳቦ አልቆ ነበር። «ዳቦ አምጪ» ብሏት ቀርቁሽ አቀረበችለት፤ እሱም አንድ ቃል ሳይናገር በላ። ታስታውስ ይሆን? ኢንሻራሕ ደግሞ ምን ትረሳለች!

ሻሿን አስተካከለች። «ዳቦ ነው ካልኩ ዛሬ የት ነው የማድረው?»

«ወንድምሽ ቤት።»

«አይደለም ካልኩስ?»

«ቤትሽ።»

ባሏን አየችው። አስተያየቷ ረዘመበት። ወንድሟ ቤት መሄድ የምትፈልግ መሰለው፤ ብትፈልግስ በምን አፉ ይወቅሳታል?

«ቀርቁሽ ቀርቁሽ ነው» አለች በመጨረሻ። «ዳቦ ሲሉኝ ዳቦ ነው የማቀርበው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼኩ። «መሐላህ አልፈረሰም። ተነሥና ሚስትህን ይዘህ ሂድ፤ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ።»

መንገድ ላይ ሸሃታ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም። «አላህ ይስጥሽ፣ የልጄ የሪዳ እናት! አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው!»

«የዝናቡን ሳምንት ታስታውሳለህ?» አለችው ሳትዞር።

«የቱን?»

«ታስታውሳለህ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ያወቅከው ግን አንተም ነህ።»

ጥላው ቀደመች። ሸሃታ ወደ ሼኩ ቤት ዞሮ አየ። ተመልሶ እውነቱን ቢናገር ያጣታል፤ ዝም ብሎ ቢከተላት አብራው የምታድረው ሚስቱ ሆና ይሁን እርም ሆና አያውቅም። ፍርሃቱ እዚያው ሼኩ ደጃፍ የሚቀር መስሎት ነበር። ተከተላት።

ዓርብ አለፈ፤ የመሐላው ጊዜ አበቃ። ቅዳሜ ምሳ ላይ ኢንሻራሕ የምስር ሾርባ አቀረበች። ቅርጫቱን አጠገቧ አስቀመጠች፤ በአንድ በኩል ትኩስ ዳቦ፣ በሌላ በኩል ቀርቁሽ አለበት።

«ምን ላቀብልህ?»

ሸሃታ በጣቱ ቅርጫቱ ውስጥ ወዳለው ቀርቁሽ አመለከተ።

«ስሙን ጥራውና እሰጥሃለሁ» አለችው።

እጁን ሰበሰበና ሾርባውን ብቻውን በማንኪያ ጠጣ።