የኛቦል አመድ

ክረምት ገብቶ የእርጥብ ፍግና የላም ትንፋሽ ሽታ ሲያውደኝ፣ ዳሞታ ተራራ ግርጌ የነበረው ሰፊው ጎጇችን ድቅን ይልብኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ደስ ይለኛል። በወላይታ ደንብ የቤቱ አንዱ ወገን የሰው፣ ሌላው የከብት ነበርና እኛ ልጆች ላሞቹ ሲያመሰኩ እየሰማን እንቅልፍ ይወስደን ነበር።

ኛቦል የመጣችው በአንዱ ክረምት ነው። የሱዳን ጦርነት ወላጆቿን የነጠቃት፣ ቆስላ ከድንበር ወደ ኦቶና ሐኪም ቤት ያመጧት የኑዌር ልጅ ነበረች፤ እዚያ ድሬሰር የነበረው አባቴ፣ ቁስሏ ድኖ ወሳጅ ስታጣ እጇን ይዞ ቤታችን ይዟት መጣ። በዕድሜ እኩያዬ ብትሆንም በቁመት ትበልጠኝ ነበር። አትናገርም፣ እህል በግድ ካልሆነ አትቀምስም። በዚሁ ከቀጠለች ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በኋላ አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ቤት ሊያስገቧት እንደታሰበ አባቴ ሲነግረን የእናቴ ፊት ጠቆረ። እዚያ ገብቶ የሚመለስ ልጅ አለ ብሎ የሚያምን በሰፈራችን አልነበረም።

እናቴ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። እንደ ክቡር እንግዳ ከከብቶቹ አርቃ መኝታ አነጠፈችላት፣ ጸጉሯን ቅቤ ቀባቻት፣ ቆጮውን በቅቤ አሽታ በእጇ ልታጎርሳት ሞከረች። ልጅቷ ግን ማለዳ ማለዳ ከምድጃው አመድ እያፈሰች ፊቷንና ክንዷን ትቀባ ነበር። እኛ ዘንድ አመድ የሐዘን ነውና እናቴ «ይቺን ልጅ ሐዘኗ ሊገድላት ነው» እያለች በየቀኑ ታጥባት ነበር፤ በታጠበች ቁጥር ኛቦል ይበልጥ ትኮማተራለች።

ዝናቡ መለስ ማለት ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት እናቴ ውኃ በቅል ይዛ ስትመጣ ከምድጃው ዳር አጣቻት። ኛቦል ከብቶቹ ዘንድ ሄዳ፣ ቡላዋ ላማችን ጀርባ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ከሻኛዋ እስከ ጭራዋ በመዳፏ እያሸች፣ በማናውቀው ቋንቋ ቀስ ብላ ታወራ ነበር። ድምጿን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። እናቴ ቅሉን መሬት አስቀመጠች።

«ለካ ለቅሶ አይደለም» አለችኝ። «ምርቃት ነው። እኔ ምርቃቷን ሳጥብባት ከርሜያለሁ።»

ያኔውኑ መኝታዋን ወደ ከብቶቹ ወገን አዛወረችና ማለቢያውን ሰጠቻት። ኛቦል አለበች፤ አረፋው እንዳለ ጠጣችው።

ወሬው ደርሷቸው አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ መጡና፣ በአማኝ ቤት አመድ መነስነስ ምን የሚሉት ነገር ነው ብለው ጠየቁ። ጸሎት አጓድላ የማታውቀው እናቴ አንገቷን ደፍታ «አባባ፣ እንኳን አመድ ጭቃም ትቀባ፤ ብቻ ትኑርልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም የቀረበላቸውን እርጎ ጠጥተው፣ ሳይመርቁም ሳይረግሙም ሄዱ።

ጊፋታ ሲደርስ ኛቦል በረጃጅም እግሮቿ ከመሃላችን እየዘለለች ትጨፍር ነበር፤ አዲስ አበባ የመሄዷም ነገር ቀረ። በበጋው በወላይትኛ አፏን ፈታች፤ ተረበኛም ሆነች፣ ዋናው ዒላማዋም እኔ ነበርኩ። ኋላ አጎቷ አፈላልጎ ሲወስዳት እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ዛሬ ስደተኛ ልጆችን የሚያክሙ ወጣቶች አስተርጓሚ ይዘው፣ አጎንብሰው፣ የልጁን ልማድ በትዕግሥት ሲጠይቁ አያለሁ፤ እናቴ ይህን ባየች እላለሁ። እኔም ሶዶ ከተማ ውስጥ ወለሉ የሚያበራ ቤት አለኝ፤ የእንግዳ ክፍልም አልጋም ሞልቷል። ኛቦል ዛሬ በሬን ብታንኳኳ ግን የት እንደማስተኛት አላውቅም።