ከበሩ የሚበልጥ ጠረጴዛ

ባለቤቴ የተቀበረ ዕለት ታላቅ ወንድሙ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ከኮታቸው ኪስ ወረቀት አውጥተው የሕይወት ታሪኩን አነበቡ። አንድ ገጽ አይሞላም። መቼ እንደተወለደ፣ በስንት ዓመቱ እንጨት ሥራ እንደገባ፣ አንዲት ሴት ልጅ እንዳለችው። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ወንድሜ በቃኝን የሚያውቅ ሰው ነበር። ምኞቱን በኑሮው ልክ ቆርጦ፣ በሰላም ኖሮ በሰላም አለፈ» አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም የሰው ፊት ነውና ነቀነቅኩ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁና ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ኀዘን መስሎኝ ነበር። ንዴት መሆኑ የገባኝ በማግስቱ ነው። ይኸው ሦስት ወር አለፈው፣ አልበረደልኝም። ስለዚህ እኔም እጽፋለሁ። ጋሼ ያነበቡትን ለማሟላት ነው ብዬ አልዋሽም። ለማፍረስ ነው።

ባለቤቴን የሥራ ባልደረቦቹ «ሜትር» ነበር የሚሉት። የመለኪያ ሜትሩ ከኪሱ አይለይም፤ ቀና ሲል የሚያየውን፣ ጎንበስ ሲል የሚያገኘውን ሁሉ ይለካል። ልጃችን የተወለደች ጊዜ እንኳ ነርሷን ቀድሞ ለካትና «አርባ ዘጠኝ ናት» አለኝ። ነርሷ ለክታ «ሃምሳ» ብትል፣ «እህቴ፣ ሜትርሽ ተኮማትሮ ነው፤ ለውጪው» አላት። ሌላም አመል ነበረው። በሠራው ዕቃ ላይ ሁሉ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ልኩን በእርሳስ ይጽፋል።

«ማን ያነበዋል ብለህ ነው?» ስለው፣

«አንድ ቀን የሚያፈርሰው ሰው» ይለኛል።

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ድርጅት በርና መስኮት ሠራ። አሠሪው ወሬ አይወድም። ወሬ እንዳይኖር ብሎ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ጠረጴዛ ከግድግዳ አስጠግቶ አስቀምጦታል። ሰባት ሠራተኛ፣ ሰባት ጀርባ። አንዱ መቃን ሲያጣምም ሌላው አያይም። መጣመሙ የሚታወቀው በሩ ተገጥሞ አልዘጋ ያለ ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ስድቡ ለሰባቱም ይደርሳል።

ባለቤቴ የሚመኘው የዚህን ተቃራኒ ነበር። የራሱ የሆነ ሥራ ቤት፣ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰው በዚህ፣ ሦስት ሰው በዚያ፣ ፊት ለፊት። «እጅና እጅ ሲተያይ ስህተት አያድግም» ይል ነበር። ከመጋባታችን በፊት ይህን ሲነግረኝ እጁ በአየር ላይ ጠረጴዛውን ይስል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያገባሁት ያን ጊዜ ነው። ሌላው ፊርማ ነበር።

በተጋባን ዓመት መንታ መንገድ ላይ ሁለት መስኮት ያለው ባዶ ቤት አገኘ። ወስዶ አሳየኝ። ወለሉን በእርምጃ ለካ፤ እንጨት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ የት እንደሚታሰር፣ እንጨቱ የት እንደሚደረደር ነገረኝ። እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ጋሼን አማከርናቸው። «እግርህን በአልጋህ ልክ ዘርጋ» አሉት። ይህች አባባል ከአፋቸው አትጠፋም። እኔም «ልጅቷ ትወለድና» አልኩ። ተወለደች። ቤቱን ሌላ ሰው ተከራየው።

ከዚያ በምኞቱ ውስጥ ስድስቱ ሰው ሦስት ሆኑ፣ የሚሠሩትም በግቢያችን ሆነ። አከራያችን «በግቢዬ ሰጋቱራ አይበተንም» አለች። ከዚያ ሦስቱ ሰው አንድ ሆነ፤ እሱ ብቻውን፣ እሁድ እሁድ፣ በፊተኛው ክፍላችን። እያንዳንዱ ጊዜ ሲያሳንሰው ድምፁ አይለወጥም ነበር። ቁርጥራጭ እንጨት ላይ ልክ እንደሚያርም ሰው፣ አሮጌውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን ይጽፋል።

ጠረጴዛውን ግን አላሳነሰውም።

አንድ አሮጌ ሕንፃ ሲፈርስ የወደቁትን ወፋፍራም እንጨቶች ለምኖ አመጣ። ያን ክረምት አከራያችን የበሰበሰውን በር እንዲቀይርላት ስለጠየቀችው፣ መጀመሪያ በሩን ከነመቃኑ አዲስ አድርጎ ሠራ። በሳምንቱ ጠረጴዛውን ጀመረ። አራት ወር ፈጀበት። አንድ ሚስማር የለበትም፤ እንጨት በእንጨት ነው የተያያዘው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ቁመቱ ዘጠና ሴንቲሜትር። ቆሞ የሚሠራ ሰው ወገቡ እንዳይታመም ዘጠና መሆን አለበት ይላል።

ያለቀ ዕለት ጋሼ መጥተው ዞር ዞር ብለው አዩትና በሳቅ ፈነዱ።

«አንተ! ይኼ በምን በኩል ሊወጣ ነው?»

የበራችን ስፋት ሰማንያ ነው። ጠረጴዛው በጎኑ ቢጋደም እንኳ ዘጠናው ቁመቱ አያሾልከውም። በማግስቱ ወሬው ሥራ ቦታው ደረሰ። ቀለም ቀቢው፣ የልብ ጓደኛው፣ የቀሩትን አስከትሎ ሊያይ መጣ። «ሜትር የዓለሙን ሲለካ ኖሮ የራሱን በር ረሳው!» እያሉ ሆዳቸውን ያዙ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ሳቁ ሲያባራ «ቀኑ ሲደርስ ይወጣል» አለ። ይኼማ ጭራሽ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። የምጽፈው ይህን ጭምር ነው።

ጠረጴዛው ላይ የሠራው ሁለት እሁድ ብቻ ነው። ልጃችን ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ደረቷ ያፍናት ጀመር። ሐኪሙ አቧራ ነው አለ። እኔም ባለቤቴን በሩ ላይ አቁሜ «ወይ ሰጋቱራው፣ ወይ ልጅቷ» አልኩት። መላጊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተ፤ ወለሉን ሁለት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ሙሻማ አለበስኩና እራት አቀረብኩበት።

ልጄ እንድትተነፍስ ብዬ ያልኩትን ዛሬም ቢሆን እለዋለሁ። እሱም ቢሆን ሌላ ነገር አልጠበቀም። ቤተሰብ ያለው ሰው ከምኞቱ ይቆርጣል፤ ይህ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ የተቆረጠበትን ሰው «በቃኝ ብሎ ነው» ማለት ነው። እጁን ይዘን ያስቆረጥነው እኛ ነን። ከዚያ በኋላ ደግሞ በመቃብሩ ላይ ቆመን ልቡም ይህንኑ ይፈልግ ነበር አልን።

ለምግብ ጠረጴዛው ረጅም ሆነብን። «እግሩን አሥራ አምስት ሴንቲ ቁረጠው፤ በበሩም ይወጣል» አልኩት። በሃያ ምናምን ዓመት ትዳር እንቢ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«እግሩ አይነካም።»

«ታዲያ ቆመን ልንበላ ነው?»

«ወንበሩን አስረዝማለሁ።»

ስድስት ረጃጅም ወንበሮች ሠራ። እኛ ሦስት ነን። ስድስት ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ልጄ እየተንጠለጠለች መውጣት ለመደች፤ እንግዳ ሲመጣ እግሩ አየር ላይ ይወዛወዛል። ጋሼ በመጡ ቁጥር «እዚህ ቤት ለመብላት መሰላል ያስፈልጋል» ይላሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያቺኑ ቀልድ። እሱም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳቀላቸው።

የሞተው ሥራ ቦታው ነው። ጠዋት ነበር። ግድግዳው አጠገብ የተደረደረው እንጨት ላይ ደገፍ ብሎ ቀረ። ስድስቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሠራሉ። አንዱ ሚስማር ሊያነሳ ዞር ሲል አይቶታል አሉ፤ የሚለካ መስሎት ወደ ሥራው ተመለሰ። እስከ ምሳ ሰዓት ማንም አልቀረበውም። ቶሎ ቢያዩት ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ሐኪሙ የያዘውን ወረቀት እያየ «ምን ይታወቃል» አለኝ። አሠሪው ለቀብሩ አበባ ላከ። አበባውን በር ላይ ትቼው ገባሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ወደ ቤቷ ልትወስደኝ መጣች። አግብታ የራሷ ግቢ አላት። የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሹፌሩና ሁለት ጎረቤቶች ዕቃ ያወጣሉ። ቀለም ቀቢውም ሊያግዝ መጥቷል። አልጋው ወጣ፣ ቁም ሣጥኑ ወጣ። ጠረጴዛው ቀረ። ጋሼ የኤሌክትሪክ መጋዝ ተውሰው ይዘው መጥተዋል፤ ሶኬት እየፈለጉ ነበር።

«ከየእግሩ አሥራ አምስት ሴንቲ ብቻ» አሉ። «ደቂቃም አይፈጅ። ለመብላትም ይመቻል።»

«አይቆረጥም፣ ጋሼ።»

«እህቴ፣ እልህ አይጠቅምም። ሰው እግሩን በ...»

«ያቺን አባባል እንዳይጨርሷት።»

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ልጄ «እማዬ» ብላ ክንዴን ያዘች። ጋሼ መጋዙን እንደያዙ ቆሙ።

«እሺ፣ ታዲያ በየት ይውጣ? የሰው ግድግዳ ልናፈርስ ነው?»

«እናፍርስ። ክሱን እኔ እሄድበታለሁ።»

«አሁን ይሄ የትልቅ ሰው ንግግር ነው?»

«እርስዎ በቃኝ የሚያውቅ ብለው የቀበሩት ሰው አንድ ጊዜ እንቢ ብሏል። እንቢ ያለው እዚህ እግር ላይ ነው። ይህቺን እንቢታ እኔ በቁሜ አላስቆርጣትም።»

ቀለም ቀቢው ይህን ሁሉ ጊዜ የበሩን መቃን በአውራ ጣቱ ከላይ ወደ ታች ይዳስስ ነበር።

«እትዬ፣ ይህን መቃን የገጠመው ማን ነው?»

«እሱ ነዋ። ሌላ ማን ይገጥመዋል።»

«ስቱኮው እዚህ ጋ አበጥ ብሏል። እዚህም። እኔ የሜትርን እጅ አውቃለሁ፤ ከሥሩ የሚደብቀው ነገር ከሌለው እንዲህ አያሳብጥም።»

የኪስ ቢላዋውን አውጥቶ ፋቀ። ቀለሙ ተላጠ፣ ስቱኮው ተፈረፈረ፤ ከሥሩ የብሎን ራስ ብቅ አለ። ግራሶ ተቀብቷል፤ ዝገት የሚባል አልነካውም። ቀለም ቀቢው ቢላዋውን አጠፈ።

«እኛ ጋ መቃን በብሎን አይታሰርም» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለጋሼ። «በሲሚንቶ ነው የሚቀበረው። አንዴ ከገባ ግድግዳ ሳይፈርስ አይወጣም። በብሎን የሚያስር ሰው ሊያወጣው ያሰበ ሰው ነው።»

ብሎኖቹ ስምንት ነበሩ። ካቻቪቴ ሲገባባቸው ትናንት የታሰሩ ይመስል ዞሩ። መቃኑ ከግራም ከቀኝም እንደ መሳቢያ ተስቦ ወጣ። ወደ ግድግዳው ዞሮ በኖረው ፊቱ ላይ በእርሳስ፣ በዚያ ዘመም ባለ ጽሕፈቱ፣ እንዲህ ተጽፏል፦

92። ጠረጴዛው 90። ይወጣል።

ማንም አልሳቀም። ሹፌሩ እንኳ፣ ነገሩን የማያውቀው፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«ታዲያ ለምን አልነገረንም?» አሉ ጋሼ።

«ነግሮናል። ስቀናል።»

ያን ጊዜ በእሱም ተናደድኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠዋት ማታ በዚያ መቃን መሐል እያለፈ፣ ምናለ አንድ ቀን «ነይ፣ ብሎኑን እንፍታ» ቢለኝ? ግን ምን እንደምመልስለት አውቃለሁ። «ዘንድሮ አይሆንም» ነበር የምለው። እሱም ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው ግራሶ የቀባው፤ ቢዘገይም እንዲፈታ።

ጠረጴዛውን በጎኑ አጋድመው አምስት ሆነው አነሱት። ጋሼም መጋዙን አስቀምጠው አንዱን እግር ያዙ። ቀለም ቀቢው ከፊት ሆኖ «ቀስ! ወደ ግራ፣ ፀጉር ታህል! አሁን ግፉ!» ይላል። በግራ አንድ ሴንቲ፣ በቀኝ አንድ ሴንቲ። ግድግዳውን ሳይጭር ወጣ። ግቢው መሐል በአራት እግሩ አቆሙት። ፀሐይ ላይ አይቼው አላውቅም ነበር።

አሁን በልጄ ግቢ፣ በመኪናው መጠለያ ሥር ነው። የልጄ ባል መኪናውን ውጭ ያሳድራል፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁትም። «ምን ልታደርጊበት ነው?» ትለኛለች ልጄ። አላውቅም እላታለሁ። ቀለም ቀቢው እሁድ ለት አንድ አሮጌ ሞርሳ ተሸክሞ መጣ። በጠረጴዛው ሥር ተንጋሎ ሲያይ፣ ስድስቱም የሞርሳ ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል። አንዱን ቦታ መርጦ አሰረው።

ትናንት ጋሼ ሊጠይቁኝ መጡ። ረጅሙ ወንበር ላይ እንደ ምንም ወጥተው ተቀመጡ፤ እግራቸው ተንጠለጠለ። ስለ መሰላሉ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ውኃ አቀረብኩላቸው። ብርጭቆውን ባዶው እንጨት ላይ ለማስቀመጥ አመነቱ።

«የሚነጠፍ ነገር የለሽም?» አሉኝ።

«አለኝ» አልኳቸው።

አላነጠፍኩም።