የአውድማው «እሺ»

ልጅ ሳለሁ፣ እህሉ ተወቅቶ እስኪገባ ድረስ ከአባቴ ታላቅ ወንድም ከአያ ደምሴና ከመንደሩ ልጆች ጋር አውድማ እጠብቅ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ደምሴ የኩበት እሳት ያያይዙና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ገለባው አንገታችን ሥር ገብቶ እያሳከከን፣ ተረት ይጀምሩልን ነበር። አንድ ሕግ ነበራቸው። ትንሽ ተርከው ቆም ሲሉ ከእኛ አንዱ «እሺ» ማለት አለበት፤ የሚመልስ ከጠፋ ተረቱ እዚያው ይቀራል። ያኔ ሌሎቹ ልጆች ጥያቄ ሲያበዙ እኔ ዝምተኛ ስለነበርኩ፣ አያ ደምሴ «እሺ» የማለቱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። አንድ ቀን ፍሙን እያየሁ ሐሳብ ይዞኝ ሄደና ሳልመልስ ቀረሁ። አያ ደምሴ የተረቱን ጅብ ከአህያይቱ በር ላይ እንዳቆሙት ተነሡ።

«ለግድግዳ አላወራም» አሉ።

ከአራተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፤ ሞፈር ያዝኩ። ኋላ አሜሪካ ስመጣ ዝምታዬም አብሮኝ ሚኒሶታ ገባ። በሁለት ሺህ አሥር ግድም ኮሎምቢያ ሃይትስ ስንኖር ልጄ ሰብለ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የቅዳሜው አማርኛ ትምህርት ሲዘጋ እያንዳንዱ ልጅ የአንድ ሰው ሕይወት ያለ ወረቀት ይተርካል። ባለፈው ዓመት ሰብለ ቃል ጠፍቷት ከመድረኩ እያለቀሰች ወርዳ ነበር።

«ዘንድሮም ካቃተኝ በቃኝ አባዬ፤ ሁለተኛ በአማርኛ አፌን አልከፍትም» አለችኝ።

የመረጠቻት ሴት ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ የተወለደች ገጣሚ ነበረች።

«የእኛ ሰው ጠፍቶ ነው?» አልኳት።

«ልጅ ሆና ትምህርት አቋርጣ የሰው ልብስ አጣቢ ሆነች። በቋንቋሽ አትናገሪ አሏት። እሷ ግን ጻፈች።»

ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

«የአባዬ በቀን ሰባት ቃል ነው፤ የዛሬው አለቀ» ብላ ከእናቷ ጋር ሳቀችብኝ።

ቀኑ ደረሰና ወላጆች እንደዚህ አገር ሥርዓት ጸጥ ብለን ተቀመጥን፤ የሰብለ ተራ ሲደርስ ስልኮች ሁሉ ሊቀርጿት ወደ እሷ ዞሩ። ሰብለ ገጣሚዋ በሳሙና መጠቅለያ ላይ ግጥም ትጽፍ እንደነበር፣ ልጆች በመንግሥት ትእዛዝ ከእናቶቻቸው ሲነጠቁ ማየቷንም ተናገረች። ከዚያ ቆመች። ቃል ጠፍቷት ዓይኗ እኔን ፈለገ። ዝምታዬ ሁልጊዜ ቁጣ እንደሚመስላት እናቷ ነግራኛለች። ያኔ የዚያ የኩበት ጭስ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

«እሺ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ከዚያ… በባለሥልጣኖቹ በር ላይ ቆማ ግጥሟን አነበበች» አለች።

«እሺ።»

«አባረሯት። ተመልሳ መጣች።»

«እሺ ልጄ!» አሉ ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ በሙሉ ተቀበላት። ገጣሚዋ ግጥሟን እያነበበች ከከተማ ከተማ ዞረች፤ አዳራሹ «እሺ» አለ። የተከለከለው ቋንቋ ትምህርት ቤት ገባ፤ «እሺ»። በስተርጅናዋ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የገዛ ግጥሟን በገዛ ቋንቋዋ ሲያነቡላት ሰማች። ሰብለ «አበቃሁ» ስትል እልልታው ቀለጠ።

መኪና ውስጥ፣ «ዛሬ ሰባቱን አለፍክ፤ ቆጥሬሃለሁ» አለችኝ። የአያ ደምሴን ሕግና በሩ ላይ የቀረውን ጅብ ነገርኳት። ከተረቶቻቸው ብዙው ጠፍቶብኛል፤ ሳይጎድል የቀረኝ ያ አንድ ቃል ነው።

«ጅቡስ ገባ?» አለች።

«አላውቅም። እዚያው በሩ ላይ ነው።»

«እንግዲያው አንተ ጨርሰው።»

ቀይ መብራት ላይ ቆምን። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ «ጅቡ በሩን አንኳኳ» አልኩ።

«እሺ» አለች ሰብለ።