ድድ የዋጠው ጥርስ

በያጁን ሰፈሩ «ጭምብል» ይለዋል። ብየዳውን ጨርሶም የብረት ጭምብሉን ከፊቱ አያነሳም፤ ቢስቅም እዚያው ውስጥ ነው። ድዱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጥርሱን ውጦበታል። የአባቱም እንደዚሁ ነው። ሐኪም ቤት መሄድ ገበናን አደባባይ ማውጣት ነውና ቤቱ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ምላጭና የጋለ ማንኪያ። ልጅ ሳለ አባቱ በየዓመቱ ደረቱ ላይ በጉልበታቸው ተጭነው የተረፈውን ሥጋ ይከረክሙለት፣ ደሙን በማንኪያው ተኩሰው ያቆሙለት ነበር። «ጥርስህን ነክሰህ ቻለው!» ይሉታል፤ የሚነክሰው ጥርስ ያለው ይመስል! ድዱ ግን ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል።

አሁን ተራው የስምንት ዓመት ሴት ልጁ ሆነ። የወተት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ድዷ ውስጥ ተቀብሮ አልወጣ አለ። አንድ ጠዋት እናቷ ሥራ ስትወጣ ጠብቆ አባቱን ጠራቸው። «አባባ፣ እኔ አንጀቴ አልችል አለ። እርስዎ ይከርክሙልኝ» አለና ወደ ብየዳው ሄደ። ፈሪ!

ብዙም ሳይቆይ ከመስኮት ፍሬም የተረፈ ብየዳ ሊያለሰልስ የብረት መፍጫውን አስነሳ። የብረቱ ጩኸት የራሱ የልጅነት ጩኸት ሆነበት። ጭምብሉን ወርውሮ እየሮጠ ቤቱ ደረሰ።

በሩን በእርግጫ በርግዶ ሲገባ ሽማግሌው የልጅቷ ደረት ላይ ናቸው። ከንፈሯ ተቀዷል፤ ደሟ አንገቷ ድረስ ወርዷል። ማንኪያው ምድጃው ላይ ቀልቷል። ዓይኑ ደም ለበሰ።

«ልቀቃት!» አላቸው፣ ዕድሜውን ሙሉ አንቱ ያላቸውን ሰው። ምላጭ የያዘ እጃቸውን ጠምዝዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው፤ አጥንቱ ቋ አለ። ሊደግማቸው ክንዱን ሲያነሳ አባቱ አፋቸውን ከፍተው ጮኹ። ውስጡ ጠባሳ በጠባሳ ነበር።

«እኔንስ ማን ማረኝ?» አሉ። ክንዱ ወረደ።

ሁለቱንም ታክሲ ውስጥ አስገብቶ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ልጅቷ ለጥርስ ሐኪሟ አፏን አልከፍትም አለች። ሐኪሟ «እስቲ ጭንቅላቷን ያዝልኝ» አለችው።

«ከዛሬ ወዲያ ማንም አይይዛትም» አለና ወንበሩ ላይ ራሱ ወጥቶ፣ ለሰው አሳይቶት የማያውቀውን አፉን ከፈተ።

«በዘር የሚመጣ ነው» አለች ሐኪሟ መብራቱን እያቀናች። «በማደንዘዣ እናነሳዋለን። ቢመለስም እንደገና በማደንዘዣ ነው።»

«አያምም?» አሉ ሽማግሌው፣ የተሰበረ እጃቸውን እንዳቀፉ።

«አያምም፣ አባቴ።»

ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች።

«አንተ ነህ አያቴን የጠራሃቸው» አለች።

«አዎ» አለና ከወንበሩ ወረደ።

ወንበሩ ላይ ወጣች፤ አፏንም ከፈተች። እጇን የሰጠችው ግን ለሐኪሟ ነው።